ከጠፈር የወደቀው በርሜል

«ሞቷል!»

«አዎን፣ ሞጣ ነው! ማን ልበል?»

«ሞቷል ነው የምልሽ!»

«ሞጣ ነው አልኩዎ እኮ! እርስዎ ከየት ነዎት?»

«ከቢቸና! ሰው ሞቷል!»

«ሰውማ ሞልቷል፤ ዛሬ ገበያ ነው። ከሰዉ ውስጥ ማንን ልጥራልዎ?»

የሞጣዋ ስልከኛ ይርጋነሽ በዚያ የኅዳር ጠዋት ጆሮዋ ታሞ አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. ከቢቸና ሞጣ የተዘረጋው የስልክ ሽቦ ግማሹን ቃል ለመንገደኛ አካፍሎ ነበር የሚያደርሰው። መስመሩ ጥርት ሲል የሰማችውን ይዛ ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠች።

«ሃምሳ አለቃ! ከሰማይ በርሜል ወርዶ ቢቸና ላይ ሰው ገደለ!»

ሃምሳ አለቃ ታዘበው እንጀራውን እንደ ጎረሰ ቀና አለ። «ከሰማይ ነው ያሉሽ ወይስ ከጠፈር?»

«ከጠፈር። ምን ልዩነት አለው?»

«የሰማይም ጠፈር አለ፣ የቤትም ጠፈር አለ። አንደኛው ወደ መስኮብ ሳይንቲስት ያስኬዳል፤ ሁለተኛው ወደ እኔ ያመጣል።»

ታዘበው በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር። ቅኔው አልዘልቅ ሲለው ፖሊስ ሆነ፤ ቃል ማላመጥ ግን አልተወውም። የሞጣ ሰዎች «ታዘበውን ‹እንደምን አደርክ› ብትለው ‹ከማን ሰማህ?› ይልሃል» እያሉ ያሙታል። ቢቸና የራሷ መርማሪ አጥታ አይደለም እሱን የጠራችው። በግድያው ከታሰሩት ሁለት ልጆች አንዱ ለቢቸናው መርማሪ የእህቱ ልጅ ሆነና ነው። ታዘበው እጁን ታጠበ፤ ኑግ በጫነ መኪና ላይ ተንጠላጥሎ ወደ ቢቸና ወረደ።

ቢቸና ያን ሳምንት ጤና አልነበራትም። ከአዲስ አበባ የመጣ ተንቀሳቃሽ ሲኒማ በቀበሌው አዳራሽ ነጭ አንሶላ ሰቅሎ የጠፈር ፊልም ካሳየ ወዲህ ወጣቱ እንደ ሰው መራመድ ትቶ ነበር። ጉልበቱን እያነሳ፣ እጁን እያንሳፈፈ፣ እንደ ጠፈርተኛ ቀስ እያለ ነበር ውኃ የሚቀዳው። አህያ የሚነዳው እንኳ «አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ!» ብሎ ነበር የሚያስነሳት። አህያይቱ ግን ዜሮም ቢሏት ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም።

አዳራሹ በር ላይ የወጣቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ጓድ ይርጋለም ሰዓቱን እያየ ይንጎራደድ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ካኪ ለብሷል፤ ሲናገር ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ያለ ይመስላል።

«ጉዳዩ አልቋል፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ። አንተ የምትፈርመው ብቻ ነው የቀረው።»

«ሳላይ አልፈርምም፤ ዐይኔ ይቀየመኛል። ሟቹ ማን ነው?»

«ወልደ ኪዳን፣ የአዳራሹ ጠባቂ። በንጉሡ ጊዜ የትምህርት ቤቱ የስካውት አለቃ ነበር። ስካውት በአብዮቱ ፈርሷል። ይህ ሰውዬ ግን ልጆች ሰብስቦ በድብቅ ገመድ ማቋጠር፣ በባንዲራ መነጋገር ያስተምር ነበር። ሦስት ጣት አንስተው ሰላምታ ይሰጣጡ ነበር፣ ይታይህ!»

«አንተንም አስተምሮሃል?»

ይርጋለም ጆሮው ቀላ። «ፊደል አስቆጥሮኛል። በሕዝብ ስብሰባ መካከል ‹አንተ ይርጋለም፣ አፍንጫህን ጥረግ› ይለኝ ነበር። እስከ ትናንት ድረስ።»

ጋሽ ወልደ ኪዳን አንሶላው ሥር በጋቢ ተሸፍነው ተኝተዋል። አጠገባቸው አፉ የተቆረጠ የዘይት በርሜል ተጋድሟል። በሆዱ ላይ በኖራ «ቢቸና ፩» ተብሎ ተጽፎበታል። በማንገቻው ላይ አንድ ክንድ የሚሆን የተቆረጠ ጠፍር ታስሯል። ሌላው የጠፍሩ ግማሽ ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ ይወዛወዛል።

«ይህ የልጆቹ መንኮራኩር ነው» አለ ይርጋለም። «ከጣሪያው ላይ ሰቅለው፣ ውስጡ ተቀምጠው ይወዛወዙበታል። ጠፈር መሄዳቸው ነው። ትናንት ማታ ሽማግሌው ሊሰብርባቸው ዛተ። ጎረቤት ሰምቷል። ልጆቹም በርሜሉን ከፍ አድርገው ሰቅለው ሲመጣ ለቀቁበት። ነገ ጠዋት ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መኪና አለ፤ ልጆቹ ይሄዳሉ። የስካውትም የግድያም ጥፋት ነው። አንድ ጊዜ ከሄዱ መቼ እንደሚመለሱ እኔ አላውቅም።»

ታዘበው አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከ። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ የሟቹን ማጅራት አየ። ቁስሉ ቀጭን ነው፤ እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጠ። ከዚያ የበርሜሉን ከንፈር በጣቱ ዳሰሰ። ወደ ውጭ የተጠቀለለ፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ የደነዘ ነው። ጠፍሩንም ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ምን ታሸታለህ?»

«ቆዳ።»

«ጠፍር ቆዳ እንጂ ምን ሊሆን ኖሯል?» አለ ይርጋለም፤ ሰዓቱንም እንደገና አየ።

ልጆቹ በፖሊስ ጣቢያው ትንሽ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ነበር። የተኳረፉት ስለ መታሰራቸው አልነበረም።

«ሞቷል» ይላል ያየህ፤ አሥራ ሰባት ያልሞላው፣ ኪሱ ሁሉ ሲባጎ የሆነ ልጅ። «አየር የለም እኮ! አየር በሌለበት ምን ይተነፍሳል?»

«ተመልሷል!» ትላለች ፈንታነሽ፤ ሰማይ እያየች ስለምትሄድ ድንጋይ ያልመታው ጣት የሌላት ረጅም ልጅ። «በገመድ ታስሮ የለ? ገመዱን ይስቡታል!»

«ስለ ማን ነው?» አለ ታዘበው በሩ ላይ ቆሞ።

ሁለቱም ተነሡ። ፈንታነሽ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ስለ ጠፈርተኛው፣ ጋሼ። ከመንኮራኩሩ ወጥቶ፣ በገመድ ታስሮ፣ በባዶው ላይ ሲንሳፈፍ… መብራት በራ። አቶ ሣህለ ማርያም፣ ሲኒማውን የሚያሳዩት፣ ‹አልቋል፣ ውጡ› አሉን። እንዴት ያልቃል? ሰውየው እኮ ገና ውጭ ነው!»

«‹የመጨረሻው ጥቅል እሳት በልቶታል› አሉን» አለ ያየህ።

«ጋሽ ወልደ ኪዳን ምን አለ?»

ፈንታነሽ ቀደመች። «ለሱ ነገርነው። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣን አልነው። ‹የእናንተን ጭቅጭቅ ከምሰማ መጨረሻውን ፈልጌ ባመጣላችሁ ይሻለኛል› ብሎ ሳቀ። ትናንት ወደ ቤት ስንሄድ ነው። ከዚያ በኋላ አላየነውም።»

ታዘበው የተቆረጠውን ጠፍር ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «በርሜላችሁ ትናንት በዚህ ተንጠልጥሎ ነበር።»

ያየህ አነሣው፤ ቋጠሮውን አገላበጠ፤ ፊቱም ተለዋወጠ። ሌላ ልጅ ቢሆን ይፈራ ነበር። ይህኛው ተቆጣ።

«ይህን እኔ ቋጠርኩት ነው የሚሉት?»

«ይላሉ።»

«ነፍሰ ገዳይ ይበሉኝ፣ ግድ የለኝም! ግን ይህን ቋጠሮ እኔ ላይ አይለጥፉ! ይህ እኮ ቋጠሮ አይደለም፤ የበቅሎ ጫኝ ድብልቅልቅ ነው! ደግሞ ጠፍር! ጠፍር ሲርስ ይላላል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስካውት በጠፍር ሰው አይሰቅልም! የእኛ ገመድ የቃጫ ነው። ማታ ማታ በርሜሉን መሬት እናወርዳለን፤ ገመዱን ፈትተን፣ ጠምጥመን፣ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ እንሰቅላለን። ‹ተንጠልጥሎ ያደረ ገመድ ጠዋት አይታመንም› ይለን ነበር ጋሼ።»

«‹ስካውት› አትበል፣ አንተ ደደብ!» አለች ፈንታነሽ ክርኗን እየሰነዘረችበት።

«እኔ አልሰማሁም» አለ ታዘበው። «አንድ ነገር ንገሩኝ። ጋሽ ወልደ ኪዳን ያችን በርሜል ምን ብሎ ነበር የሚጠራት?»

ሁለቱም ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ።

«‹እንስራችሁ›» አለች ፈንታነሽ። «‹ልጆች፣ እንስራችሁን አውርዱ።› መንኮራኩር ናት ብለን ስንት ጊዜ ለመንነው!»

ታዘበው ወደ አዳራሹ ተመልሶ ትልቁን በር ወደ ፊት ሳበው። ከጠዋት ጀምሮ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ስለዋለ ከጀርባው ያለውን ያየ አልነበረም። የቃጫው ገመድ እንደ ተኛ እባብ ተጠምጥሞ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ታዘበው አልነካውም፤ በሩን መልሶ ለጠፈው።

በአዳራሹ ጓሮ አቶ ሣህለ ማርያም ላንድሮቨሩ ላይ ሳጥኖቹን ይጭን ነበር። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጠጉሩን ቅባት የቀባ፣ ሲናገር የሚያቆላምጥ ሰው ነው። ቢቸና በመጣ በሁለተኛው ቀን ግማሹ ከተማ «ወንድማችን» ይለው ጀምሯል።

«ምን ዓይነት አሳዛኝ ነገር ነው፣ ሃምሳ አለቃ! ደግ ሽማግሌ ነበሩ። ልጆቹም አሳዝነውኛል፤ ፊልሙ ነው ያሳበዳቸው። እንግዲህ ልሂድ፣ ነገ ሞጣ ላይ ሕዝብ ይጠብቀኛል።»

«ሞጣ መጠበቅ ይችልበታል፤ እኔም የሞጣ ሰው ነኝ። ትናንት ማታ የት አደሩ?»

«እዚሁ፣ ከአንሶላው ጀርባ ባለችው ክፍል። ጄኔሬተር ሲያንባርቅ የዋለበት ጆሮ ምን ይሰማል? እንደ በድን ነው የተኛሁት።»

«የመጨረሻው ጥቅል ተቃጥሏል አሉ።»

«ተቃጥሏል። ቆርቆሮው ብቻ ነው የቀረኝ፤ ንብረት ስለሆነ ይዤው እዞራለሁ።»

ታዘበው ሳጥኖቹን አየ። ሁለቱ በወፍራም ጠፍር ታስረዋል። የጠፍሩ ጫፍ ሁለት ጊዜ ዞሮ በራሱ ሥር ተወሽቋል። ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ሽቦ ነው የታሰረው።

«ይህኛው ምነው ተለየ?»

«ጠፍሩ አርጅቶ ተበጠሰ፤ ጣልኩት።»

«አሳሰርዎ ጥሩ ነው። ማን አስተማረዎ?»

«አባቴ በቅሎ ጫኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።»

«ግማሹ ጎጃም የበቅሎ ጫኝ ልጅ ነው» አለ ታዘበው፤ የመኪናውንም ቁልፍ «ለአደራ ያህል» ብሎ ወሰደ።

ከአዳራሹ ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የሚዋሰነው የእት ሀብትነሽ ሻይ ቤት ነው። እት ሀብትነሽ ምድጃዋን አጥፍታ፣ ሻሿን አውልቃ መሬት ተቀምጣለች። የሰማችውን ለጎረቤት የተናገረችው እሷ ናት። የታሰረችው ፈንታነሽም የእሷው ልጅ ናት።

«ምላሴን በቆረጠው!» አለች ታዘበውን ስታይ። «እንዲያው ወሬ ነበር፣ ጌታዬ! ቡና ስንጠጣ የተወራ ወሬ! ልጄን ይበላታል ብዬ መች አሰብኩ?»

«የሰማሽውን ንገሪኝ።»

«ያው ይርጋለም እንዳለው ነው…»

«ይርጋለም አልሰማም። አንቺ ነሽ የሰማሽው። ቃሉን እንዳለ፣ ሳታጎድይ ሳትጨምሪ።»

ዐይኗን ጨፈነች። «ስኒ እያጠብኩ ነበር። የጋሽ ወልደ ኪዳን ድምፅ ከፍ አለ። ‹ይህን መንኮራኩር ዛሬ ካልከፈቱልኝ፣ ነገ በሰው ፊት እሰብረዋለሁ!› አለ።»

«ካል… ምን?»

«ካልከፈቱልኝ።»

«ካልከፈታችሁልኝ አላለም?»

«ኧረ! ካልከፈቱልኝ ነው ያለው። ‹እነሱ ካልከፈቱልኝ› ማለቱ ነው፤ ልጆቹ። ይርጋለም እንደዚያ ነው ያስረዳኝ።»

«ሌላ ድምፅስ?»

«የሚያነበንብ የወንድ ድምፅ ነበረ፤ አልለየሁትም። ከዚያ አንድ ነገር ጮኸ… ቃጭል የመሰለ። ዕቃ የወደቀ መስሎኝ ተውኩት።» ዐይኗን ገለጠች። «ልጄን አስገደልኳት አይደል?»

ታዘበው ብድግ አለ። «እት ሀብትነሽ፣ ልጅሽን ያሰራት ጆሮሽ ነው። ይኸው ጆሮሽ ይፈታታል። ሻሽሽን እሰሪ።»

የቅኔው መምህር የኔታ ገብረ ኪዳን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ከሟቹ ጋር የዕድሜ ልክ ወዳጆች ነበሩ፤ ከሲኒማው ወዲህ ግን ተጣልተዋል። የኔታ «ያ የሰይጣን አንሶላ እስካለ አዳራሹን አልረግጥም» ብለው ምለዋል።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ፣ የኔታ?»

«ልታስረኝ ነው? ተማሪዎቼ ቅኔ ሲነግሩኝ አምሽተዋል። ሁሉንም ጠይቅ፤ ግማሾቹ አሳሳቱ፣ ግማሾቹ አንቀላፉ፤ እኔ ግን እዚህ ነበርኩ።» ከዚያ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። «ጉድ ነው ዘንድሮ! በየጁቤ መንገድ ከምትገኝ ደብር ጻሕል ተሰርቆ፣ ቅዱስ ሥጋው የሚከበርበት የብር ሳህን፣ ሌባው ሳይያዝ እናንተ ሕፃን ታስራላችሁ!»

«መቼ ተሰረቀ?»

«ይህ ሲኒማ የሚሉት ወደዚህ ሊመጣ ሰሞን። ሕዝቡ አንሶላ ሊያይ ሲሮጥ ማን ዕቃ ቤት ይጠብቅ?»

«ከጋሽ ወልደ ኪዳን ጋር ምን ነበር ያጣላችሁ?»

ሽማግሌው መቋሚያቸውን አጋደሙ። ከድምፃቸው ቁጣው ጠፍቶ ነበር። «‹ኃጢአት የለበትም፣ የኔታ፤ ጥላ ነው› አለኝ። ‹ሥዕሉ ሁሉ በመንኮራኩር ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚመጣ› አለ። ‹ሰማዕቱ ጊዮርጊስ የተፈጨበት ዓይነት?› አልኩት። ‹አዎ፣ ይኼ ግን የቆርቆሮ ቤት አለው› ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ተቆጥቼ ፊቴን አዞርኩ። የመጨረሻችን እሱ ሆነ።»

ታዘበው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «የኔታ፣ ዛሬ አዳራሹ በር ድረስ ይምጡልኝ። መግባት የለብዎትም።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ተሰበሰቡ። አስከሬኑ ወደ ቤቱ ተወስዷል፤ በርሜሉ ግን እንዳለ ነው። ሁለቱ ልጆች በፖሊስ መካከል ቆሙ። እት ሀብትነሽ ልጇን እያየች አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ሣህለ ማርያም ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሳጥኖቹም በታዘበው ትእዛዝ ገብተው ከፊቱ ተደርድረዋል። የኔታ ከደጃፉ ውጭ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። የቀረው ቢቸና በመስኮት ነው።

«አጭር አድርገው» አለ ይርጋለም። «የመኪናው ሰው መልስ ይፈልጋል።»

«አንተ ይርጋለም፣ ታገስ» አለ ታዘበው፤ መስኮቱ ላይ ሳቅ ተሰማ። «ከቋጠሮው ልጀምር። ልጆቹ ገመዳችን የቃጫ ነው፣ ማታ ፈትተን እንሰቅለዋለን አሉ። እስቲ ያን በር ሳበው።»

ይርጋለም ሳበው። ተጠምጥሞ የተሰቀለው ገመድ ታየ።

«ልጆቹ በርሜሉን ሊሰቅሉ ቢፈልጉ ይህ ገመዳቸው እያለ ጠፍር ፍለጋ ለምን ይሄዳሉ? በጠፍር ያሰረው የገመዱን ቦታ የማያውቅ ሰው ነው። ደግሞ በርሜሉ ጋሽ ወልደ ኪዳን ላይ አልወደቀም። ከንፈሩ ደንዛዛ ነው፤ ቁስሉ ቀጭን ነው። ስለዚህ ሰውየው በሌላ ነገር ተመትቶ ከሞተ በኋላ በርሜሉን አጠገቡ አጋድመው፣ ጠፍር ቆርጠው ግማሹን ማንገቻው ላይ፣ ግማሹን አግዳሚው ላይ አሰሩት። ከሞጣ የተጠራሁት ‹ከጠፈር ወደቀ› ተብዬ ነበር። ከጠፈር የወደቀ የለም፤ በጠፍር የተቋጠረ ነው።»

ደጃፉ ላይ የቆሙት የኔታ ሳያስቡት «ይበል!» አሉ።

«ዛቻውስ?» አለ ይርጋለም። «መንኮራኩራቸውን እሰብራለሁ አላለም?»

«እዚህ ነው ሁላችሁም የተሳሳታችሁት። ለወጣቱ መንኮራኩር ማለት ወደ ሰማይ የምትሄደው ናት። ጋሽ ወልደ ኪዳን ግን የዱሮ ሰው ነው፤ ለእሱ መንኮራኩር የሚዞር ነገር ነው፤ ለየኔታም ፊልሙ የሚጠመጠምበትን እንዲያ ብሎ ነው የነገራቸው። የልጆቹን በርሜል ‹እንስራ› ይላት ነበር። ደግሞ ‹ካልከፈቱልኝ› ብሏል። በርሜሉ አፉ የተቆረጠ ነው፤ ክዳንም በርም የለው። ምኑ ይከፈታል?»

ሁሉም ወደ በርሜሉ ዞረ። በርሜሉ አፉን እንደ ከፈተ ተጋድሟል።

«አሁን ቃሉን እንየው። ‹ካልከፈቱልኝ።› ጓድ ይርጋለም ‹እነሱ› ብሎ ተረጎመው። ግን እት ሀብትነሽ ሌላ ድምፅ ሲያነበንብ ሰምታለች። ጋሽ ወልደ ኪዳን ፊት ለፊቱ ላለ ሰው ነበር የሚናገረው። ለልጆቹ ቢሆን ‹ካልከፈታችሁልኝ› ይል ነበር። ለይርጋለም ቢሆን ‹ካልከፈትክልኝ›፣ ምናልባት ‹አፍንጫህን ጥረግ› ጭምር። ‹ካልከፈቱልኝ› ያለው ለአክብሮት ነው፤ አንቱ ለሚለው ሰው። በዚህ ጉዳይ አንቱ የሚላቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው የኔታ፤ እሳቸው ከተማሪዎቻቸው ጋር አምሽተዋል፣ አዳራሹንም አይረግጡም። ሁለተኛው እንግዳ ነው። ወግ የሚያውቅ ሰው እንግዳን አንቱ ይላል፤ በተቆጣበት ሰዓትም ቢሆን።»

ሣህለ ማርያም ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሃምሳ አለቃ፣ በአንድ ‹አንቱ› ሰው ይከሰሳል?»

«አይከሰስም። በሣጥን ይከሰሳል። እነዚህ ሁለቱ በጠፍር የታሰሩ ናቸው፤ ቋጠሯቸው በርሜሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ሦስተኛው ጠፍሩን አጥቶ ሽቦ ታጥቋል። ጋሽ ወልደ ኪዳን ለነዚህ ልጆች የፊልሙን መጨረሻ ሊለምንዎ መጣ። ተቃጥሏል አሉት። ቆርቆሮውን አንሥቶ ነቀነቀው። ጮኸ። ፊልም ደግሞ አይጮኽም። ያየህ፣ አንተ ቋጠሮ ታውቃለህ፤ ሽቦውን ፍታው።»

ልጁ ወደ ሣጥኑ ሄደ። ሽቦው ወዲያው ተፈታ። አራት ክብ ቆርቆሮዎች ወጡ። የአራተኛው ጠርዝ በአንድ በኩል ተጣሟል፤ ጠርዙም ቀጭን ነው። ታዘበው ክዳኑን አነሣ። በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ልክ በቆርቆሮው የተሰፋ የመሰለ ክብ የብር ዕቃ አበራ።

«እንዳትነኩት!»

የኔታ ነበሩ። መሐላቸውን ረስተው፣ መቋሚያቸውን ጥለው ገቡ። ጋቢያቸውን አውልቀው ጻሕሉን ከነቆርቆሮው ሸፈኑት፤ ያን ብቻ አድርገው አጠገቡ ተንበረከኩ። ከሰይጣኑ አንሶላ ሥር መሆናቸውን ያስታወሳቸው አልነበረም።

ሣህለ ማርያም እጆቹን ጭኑ ላይ ዘረጋ። «ቆርቆሮውን ልነጥቀው ብቻ ነበር» አለ። «ነቀነቀና ሰማው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ በሩ ሄደ። ‹ሰው ልጥራና ይክፈቱት› አለኝ። ያኔም አንቱ ነበር የሚለኝ… ቆርቆሮውን ቀማሁትና…»

ፖሊሶቹ አስነሡት። እት ሀብትነሽ ልጇን አቅፋ ትስማለች፣ ታቅፋለች፣ መልሳ ትቆጣታለች። ይርጋለም ብቻውን ቀርቶ የበርሜሉን «ቢቸና ፩» ያነብባል።

«የስካውቱ ጉዳይ ግን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱ ይቀራል እኮ፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ።»

«የቱ ስካውት? እኔ ያየሁት ገመዳቸውን በሥርዓት የሚሰቅሉ ሁለት ልጆች ነው። ካልክ ግን ጻፈው፤ እኔም ማን ‹አፍንጫህን ጥረግ› ይባል እንደነበር እጽፋለሁ።»

ይርጋለም ሰዓቱን አየ። ከዚያ ወጥቶ ለመኪናው ሰው «የሚሄድ ልጅ የለም» አለው።

በማግስቱ ጋሽ ወልደ ኪዳን ሲቀበሩ፣ ያየህ የቃጫውን ገመድ ይዞ መጣ። ሣጥኑ ወደ ጉድጓዱ የወረደው በዚያ ገመድ ነው፤ ቋጠሮው ሳይንሸራተት፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚንሳፈፍ ነገር። ሦስት ጣት ያነሣ ይኑር አይኑር ይርጋለም አላየም፤ ያን ጊዜ አፍንጫውን እየጠረገ ነበር።

ታዘበው ኑግ አራግፎ ወደ ሞጣ የሚመለሰውን መኪና ሲጠብቅ ፈንታነሽ እየሮጠች ደረሰች። ድንጋይ መታት፤ ግድ አላላትም።

«ሃምሳ አለቃ! እርስዎ ሁሉንም ያውቃሉ። ያ ውጭ የቀረው ሰውዬ፣ ጠፈርተኛው… ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም?»

ታዘበው አንድ እግሩን መኪናው ላይ እንደ ሰቀለ አሰበበት።

«እሱማ ገመዱን ማን እንደ ቋጠረው ነው።»